ሽንት ቤቱ ይግባ፤ ማድ ቤቱስ? የድሮ ቤት ሲታደስ ሦስት አቀማመጦች ሲመዘኑ

ደሴ ላይ የቤት እድሳት ሲነሳ ወሬው የሚጀምረው ከቀለምና ከኮርኒስ ነው። ገንዘቡን የሚጨርሰው ግን ጓሮ ያሉትን ሽንት ቤትና ማድ ቤት ወደ ዋናው ቤት ማምጣት ነው። በድሮው አሠራር ዋናው ቤት ሳሎንና መኝታ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ግቢው ጥግ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይጨረሳል። ሐምሌ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ዝናቡ ሲወርድ፣ አዛውንት እናት በሌሊት ጃንጥላ ይዘው ጓሮ የሚወጡበት ቤተሰብ «ይግባልን» ቢል አይፈረድበትም። የሚያሳስተው «ሁለቱም አንድ ላይ ይግቡ» ማለቱ ነው። ሽንት ቤት የሚታዘዘው ለፍሳሽ፣ ማድ ቤት የሚታዘዘው ለጭስና ለእንፋሎት ነው። አዛዣቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች በአንድ ውሳኔ ሲታሰሩ ሳሎን መሃል የቱቦ ቦይ ይቆፈራል፣ ወይም መኝታ ቤት በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

በተግባር ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው፦ ከነባሩ ቤት ውስጥ ክፍል ቆርሶ ማውጣት፣ ከጀርባ ወይም ከጎን ጥላ አውርዶ ማስቀጠል፣ ሰርቪሱን ባለበት አድሶ በተሸፈነ መተላለፊያ ማገናኘት። ከታች ያሉት ልኬቶች የተሰሉት ለተለመደ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ጠቅላላው 6 በ8 ሜትር፣ ሳሎኑ 4 በ6፣ ሁለቱ መኝታዎች እያንዳንዳቸው 4 በ3። ዋጋ በብር አልተጻፈም፤ የሲሚንቶ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ ያረጃል። መጠኑን ከያዙ ግን ሱቅ ሄዶ ማባዛት ነው።

መጀመሪያ የሚለካው፦ ፍሳሹ

ሽንት ቤቱ የት እንደሚሆን የሚወስነው ሴፕቲክ ታንኩ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያው) የት መቆፈር እንደሚችል ነው። ደሴ ደግሞ ዳገት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብዙ ግቢ ከኋላው ተቆርጦ የተደለደለ ነው። ጓሮው ከቤቱ ወለል ከፍ ካለ፣ «ሽንት ቤት ከኋላ ነው የሚያምረው» የሚለው ልማድ እዚያው ላይ ያበቃል።

አለካኩ ቀላል ነው። 20 ሜትር ያህል ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሞሉ። አረፋ ከቀረበት ልኩን ያሳስታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ይዘው ውሃው እኩል መቆሙን ይዩ። ከቤቱ ወለል 1 ሜትር ከፍ ብሎ በሩ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፤ አንዱ የቱቦ ጫፍ ውሃው ምልክቱ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ይያዝ። ሌላው ጫፍ ታንኩ ይቆፈርበታል በተባለው ቦታ በተተከለ እንጨት ላይ ይዘርጋ። እዚያ ውሃው ከመሬት 1.20 ሜትር ላይ ከቆመ መሬቱ ከወለልዎ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ ደግሞ መሬቱ ከወለልዎ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል።

አሁን ሒሳቡ። ከሽንት ቤት መቀመጫ የሚወጣው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ቱቦው ከቤቱ ሲወጣ ከወለል 35 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው እንበል፤ ታንኩ 14 ሜትር ይርቃል። 14 ሲባዛ በ2፣ 28 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ቱቦው ታንኩ ጋ ሲደርስ ከወለል 63 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። መሬቱ 20 ዝቅ ካለ ቦዩ እዚያ 43 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጠልቃል፤ የግማሽ ቀን ቁፋሮ ነው። መሬቱ 50 ከፍ ካለ ግን 1 ሜትር ከ13 ይሆናል፤ ታንኩም በዚያው ልክ ይጠልቃል። ከተቆረጠ ዳገት ሥር እንዲህ ጠልቆ መቆፈር የላይኛውን አፈርና የጎረቤትን አጥር ሊያንሸራትት ይችላል። በዚህ ጊዜ ታንኩን ወደ በሩ፣ ወደ ታችኛው በኩል ማዞር ነው። የመምጠጫ መኪናው ቱቦም ከዚያው ይደርሳል፤ ቀጭን ቅያስ ውስጥ ያለ ቤት ታንኩን ከጀርባ ቆፍሮ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያስብበት።

ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚደፈነው መታጠፊያው ላይ ነው። ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) በአንድ ጊዜ ከማዞር ሁለት ባለ 45 ይጠቀሙ፤ መታጠፊያው ላይ ማንሆል (ክዳን ያለው መፈተሻ ጉድጓድ) ይሠራ። ታንኩ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

የማድ ቤት ውሃ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃዋል፤ ችግሩ ቅባት ነው። በደሴ ብርድ ጮማው ቱቦ ውስጥ ይረጋል፤ የሊጥና የአብሲት እጣቢ ደግሞ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ከእቃ ማጠቢያው በ2 ሜትር ርቀት ውስጥ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነች የቅባት ማስቀሪያ ሳጥን ተሠርታ፣ በየሁለት ሳምንቱ ክዳኗ እየተነሳ ትጠረግ። እሷ ከሌለች ማድ ቤቱን ቤት ውስጥ ማስገባቱ ባይታሰብ ይሻላል።

ቀጥሎ፦ ጣሪያውን ማን ተሸክሞታል?

በጭቃ ቤት ውስጥ «ክፍል መለያ ብቻ ነው» የተባለ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የጣሪያውን አግዳሚ ደግፎ ይገኛል። ከውጭ አይታወቅም። ከኮርኒሱ ጥግ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ከፍተው በባትሪ ይዩ፤ አግዳሚው በግድግዳው ቋሚ ላይ ካረፈ፣ ወይም ሁለት እንጨት የተቀጠለው እዚያ ላይ ከሆነ፣ ያ ግድግዳ ተሸካሚ ነው። እሱ ላይ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ በር ቋሚዎቹ ሳይነኩ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ የሰፋ ክፍት ከተፈለገ መጀመሪያ አግዳሚው በግራና በቀኝ በፑንቴሎ (በጊዜያዊ ምሰሶ) ይደገፋል፣ ከዚያ አዲስ ቋሚና አግዳሚ ይገባል፣ ግድግዳው የሚፈርሰው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ጣሪያው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በሩ አይዘጋም፣ ቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳው ይሰፋና ክረምት ላይ ያፈሳል።

የቋሚው እግርም ይፈተሽ። ከወለሉ 10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ልስኑን ትንሽ ይላጡና በቀጭን ካቻቢቴ እንጨቱን ይውጉ። የጤነኛ ባሕር ዛፍ ላዩ ብቻ ይቧጨራል። ካቻቢቴው 2 ሴንቲ ሜትር ከገባ፣ ሲወጣም ቡናማ ዱቄት ይዞ ከመጣ እግሩ በስብሷል። ኮምቦልቻ ሲሆን ምስጥንም ይፈልጉ፤ በግድግዳው ላይ እንደ ክር የተለጠፈ የአፈር መንገድ ምልክቱ ነው። ከአራት ቋሚ አንዱ የበሰበሰበት ግድግዳ አጠገብ ሻወር ማስገባት ገንዘብ ውሃ ላይ መበተን ነው።

ጭሱ፣ እንግዳውና ቂብላው

በዚህ ላይ መመሪያ አያስፈልግም፤ ጥያቄዎቹን መመለስ ይበቃል። እንጀራ የሚጋገረው በምንድን ነው? ሁልጊዜ በኤሌክትሪክ ከሆነ ማድ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በእንጨትና በኩበት ከሆነ አይገባም፤ «የጭስ ማውጫ እንሠራለታለን» የሚለው ተስፋ ዝቅ ባለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሠራም። በከሰል ከሆነም አይገባም። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ያታልላል እንጂ በዝግ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ ይገድላል፤ በብርድ ምክንያት መስኮት በሚዘጋባት ደሴ ደግሞ አደጋው ይብሳል። መብራት ሲጠፋስ? መልሱ «ያው ወደ ከሰሉ» ከሆነ፣ ለመብራት መጥፊያ ቀን የምትሆን ትንሽ የውጭ ማድ ቤት ሳትፈርስ ትቆይ።

ድግስስ? ሰደቃ፣ ማኅበር፣ ሠርግ፣ ለቅሶ የሚበዛበት ቤት ድንኳን መትከያና ትልልቅ ድስት መጣጃ ቦታ ያስፈልገዋል። ማስቀጠያው ግቢውን ከበላው ድንኳኑ መንገድ ላይ ነው። እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ የሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊቱ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ እንግዳውም ሽንት ቤት የገባውም ይሳቀቃሉ፤ መሃል ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነች መተላለፊያ ከእጅ መታጠቢያ ጋር ካለች ችግሩ ያልቃል።

ከመካ ጋር የደሴ ኬንትሮስ እጅግ ስለሚቀራረብ ቂብላው (ሙስሊም ሲሰግድ ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ) እዚህ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ፊትም ጀርባም ወደዚያ እንዳይሆን የሚፈልግ ቤተሰብ መቀመጫውን በምሥራቅና ምዕራብ መስመር ያስቀምጥ። ይህ የሚወሰነው ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ነው፤ ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። የውዱእ (ከሶላት በፊት መታጠቢያ) ቧንቧም ከሽንት ቤቱ ውጭ፣ ከወለል 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢደረግ ከመቀመጫ ጋር ይመቻል።

አማራጭ አንድ፦ ከቤቱ ውስጥ ቆርሶ ማውጣት

መልካሙ ነገር ጣሪያው አለ፤ አዲስ መሠረትም የሚያስፈልገው ለመለያው ግድግዳ ብቻ ነው። ለሽንት ቤት ብቻ ከሆነ ትንሹ ልክ 0.90 በ1.50 ሜትር ነው፤ ሻወር ከተጨመረ 1.20 በ2 ሜትር። ሰዎች የሚሳሳቱት የመኝታ ቤቱን ጥግ ብቻ ቆርጠው ሲያወጡ ነው። የቀረው ክፍል ጉልበት መስሎ ይጠመዘዛል፣ አልጋም ቁም ሣጥንም አይቀበልም።

የ4 በ3 መኝታ ቤት ሲቆረስ የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦ በ3 ሜትሩ ወርድ ሙሉ 1.33 ሜትር መስመር ይከለል። ከዚህ ውስጥ 1.20 ሜትሩ ክፍል፣ 13 ሴንቲ ሜትሩ ከነልስኑ ግድግዳ ነው። ከ3 ሜትሩ 2 ሜትሩ ሽንት ቤትና ሻወር ይሁን። 13 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ሲቀነስ 87 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ እሱ ወደ መኝታው ተከፍቶ የግድግዳ ቁም ሣጥን ይሆናል። መኝታው 2.67 በ3 ይቀራል። ባለ 1.50 አልጋ ገብቶ በሁለቱም ጎን ከ55 ሴንቲ ሜትር በላይ መተላለፊያ ይኖረዋል። ከመስማማትዎ በፊት ይህን ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሳሉት፤ አልጋውን ስበው ያስገቡ፤ የበሩን ወርድ በካርቶን ቆርጠው ያዙሩት። የሽንት ቤት በር 70 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ወደ ውጭ ቢከፈት ይመረጣል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በሰውየው አካል ይያዛልና።

አደጋው ውሃና ጭቃ ናቸው። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ለስኖ ሴራሚክ መለጠፍ አንድ ወይም ሁለት ክረምት ያማረ ይመስላል። ጭቃው እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ሴራሚኩን በጣት ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ መጮህ ይጀምራል፤ ከዚያ ከነልስኑ ቅርፊት ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ሻወሩን የሚነካው ጎን ሁሉ ከጭቃው ፊት ለፊት የራሱ ባለ 10 ብሎኬት ግድግዳ ይኑረው። ብሎኬቱ ከነልስኑ በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በ2.40 ሜትር ቁመት በየሜትሩ 480 ኪሎ ማለት ነው። ይህን 5 ሴንቲ ሜትር ሊሾ ላይ መጫን አይቻልም። ሥሩ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የድንጋይ መሠረት ይቆፈርለት፤ ቁፋሮው የነባሩን ቋሚ እግር እንዳያጋልጥ ከጭቃው ግድግዳ ይራቅ።

ማድ ቤት ለመቁረስ ደግሞ ትንሹ ልክ 1.70 በ2.60 ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ፣ ከፊቱ 1.10 ሜትር መቆሚያ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰሌዳው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከነማስቀመጫው 80 በ80 ቦታ ይያዝለት። ጠረጴዛው 85 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የምጣዱ መደብ ወደ 70 ዝቅ ይበል፤ ሊጥ ሲዘረጋ ክንድ ከላይ ወደ ታች መሆን አለበት። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ከ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ስለዚህ ከቆጣሪው ብቻውን የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና የራሱ ብሬከር ይጎተትለት። ከሳሎኑ ሶኬት በማራዘሚያ ከተሳበ የሚቀልጠው መጀመሪያ ማራዘሚያው፣ ቀጥሎ በኮርኒሱ ውስጥ ያለው አሮጌ ገመድ ነው።

አማራጭ ሁለት፦ ጥላ አውርዶ ማስቀጠል

በብዛት የሚመረጠውም፣ በብዛት የሚበላሸውም ይህ ነው። ሰው የሚያየው «ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው የምሠራው» የሚለውን ነው፤ የማያየው ቁመቱን ነው።

የነባሩ ጣሪያ ክፈፍ ከመሬት 2.60 ሜትር ላይ ነው እንበል። አዲሱ ቆርቆሮ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ 2.50። ቆርቆሮ በየሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ይደረግ። ማስቀጠያው 3 ሜትር ከወጣ 45 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ዳር ላይ 2.05 ይቀራል። ማገርና ኮርኒስ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ፤ 1.95። የተለመደው በር 2.10 ነው! አናጢው ቦታው ላይ ሲደርስ መፍትሔው «ተዳፋቱን እንቀንሰው» ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነፋስ ያለበት ዝናብ በቆርቆሮው መደራረቢያ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይገባል። ጓሮው ዳገት ከሆነ ደግሞ ወለሉም ከፍ ስለሚል ሒሳቡ ይብሳል። ወይ ወርዱን 2 ሜትር ያድርጉት፤ ዳሩ 2.20 ይቀራል፤ ወይ በሩን ከዳሩ አንስተው ከነባሩ ግድግዳ አጠገብ በጎን በኩል ያውጡት። ሌላ መውጫ የለም።

ሁለተኛው ችግር የነባሩ ጣሪያ ውሃ ነው። ከ8 በ4 ሜትር የጣሪያ ክንፍ፣ 32 ካሬ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 960 ሊትር ይሰበሰባል። ያ ሁሉ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ይፈስሳል። አሸንዳ በነባሩ ክፈፍ ላይ ተሠርቶ ውሃው በጎን ይውረድ፤ በረዶ ሲጥል ስለሚደፈን ሰፊ፣ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው ይሁን።

ሦስተኛው ስንጥቅ ነው። ነባሩ ቤት ተቀምጦ ጨርሷል፤ አዲሱ ገና ይቀመጣል። መሬቱ መረሬ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ግድግዳ በልስን አንድ ማድረግ ስንጥቅ መጋበዝ ስለሆነ፣ መሃላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ በአንድ ጎን ብቻ በተመታ ጣውላ ወይም ላሜራ ይሸፈን። አዲሱ ግድግዳ በራሱ ቋሚዎች ይቁም፤ ጣሪያውንም በነባሩ ጭቃ ግድግዳ ላይ አያንጠልጥሉት።

አራተኛው ብርሃን ነው፤ ማስቀጠያው የጀርባውን መስኮት ይዘጋል። ከአዲሱ ጣሪያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ማስገባት ይረዳል፤ መኝታ ቤቱ ግን አየር ስለሚያጣ ሌላ መስኮት ካልተከፈተለት ያንን ጎን አይምረጡ። እንዲህ ያለው ሥራ የውጭ ቅርጽ ስለሚለውጥ ከመቆፈሩ በፊት የግንባታ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ድንበር ላይ ተጠግቶ ከተሠራ ደግሞ አሸንዳው ውሃውን ጎረቤት ግቢ እንዳያፈስ።

አማራጭ ሦስት፦ ሰርቪሱን ማደስና ማገናኘት

ሲነገር ክብር የለውም፤ ሲኖሩበት ግን ለማድ ቤት ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ጭሱ፣ ሽታው፣ እሳቱ ከቤት ርቆ ይቆያል። የሚለወጠው ሦስት ነገር ነው፦ ወለሉ ወደ ሊሾ፣ ጠረጴዛው ወደ ቁም ከፍታ፣ መንገዱ ወደ ደረቅ። መተላለፊያው 1.20 ሜትር ወርድ ይኑረው፤ ትሪ ይዘው ሁለት ሰው ይተላለፉበታል። ወለሉ ከግቢው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ጎን ትንሽ ያዘንብል፤ ደረጃ ካለ አንድ ብቻውን አይሁን፣ በጨለማ የሚጥለው እሱ ነው። ጣሪያው በነፋሱ ጎን 40 ሴንቲ ሜትር ይውጣ።

የመለያ ግድግዳውስ?

ለእርጥብ ቦታ ብሎኬት፣ ለደረቅ ጂፕሰም፤ ችፑድ ለየትኛውም አይመከርም፤ እርጥበት ሲያገኘው ጫፉ እንደ ዳቦ ይነፋል። 3 ሜትር በ2.50 ሆኖ አንድ ባለ 70 በር ያለው ግድግዳ የተጣራ ስፋቱ 6 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በብሎኬት 80 ፍሬና ለግንብና ለሁለት ፊት ልስን እስከ 3 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይጠይቃል። በጂፕሰም 1.20 በ2.40 የሆነ 5 ሉህና የብረት ክፈፉን ይፈልጋል። ጂፕሰሙ ቀላል ስለሆነ መሠረት አያስፈልገውም፤ ድምፅ ግን ያሳልፋል፣ የቁም ሣጥን ክብደትም አይሸከምም።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ቆርሶ ማውጣት | ማስቀጠል | ሰርቪስ ማደስ |
|---|---|---|---|
| ለሽንት ቤት | ታንኩ ከታች ካለ በጣም ጥሩ | ጥሩ፤ ቱቦው ያጥራል | ለአዛውንት አስቸጋሪ |
| ለማድ ቤት | በኤሌክትሪክ ብቻ | መስኮት ካለው ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ |
| የሚበላው ቦታ | ከመኝታ ወይም ከጓዳ | ከግቢ | ምንም |
| ዋናው አደጋ | እርጥበት በጭቃ ግድግዳ | ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ስንጥቅ | ዝናብና ብርድ |
| የሲሚንቶና የብረት ፍጆታ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| ከሥራው ጋር እየኖሩ መቆየት | ያስቸግራል | ይቻላል | ይቻላል |

ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ፦ በዚህ ዓመት ታንኩንና ቱቦውን፣ በመጪው ሽንት ቤቱን። ማድ ቤቱ ይቆይ፤ መተላለፊያውን ብቻ ይሸፍኑት። ገንዘቡ ያልቅብኛል ብለው የሚሰጉ ከሆነ ከቀለሙ ይቀንሱ እንጂ ከቱቦው አይቀንሱ።

አዛውንት ወይም እርጉዝ ያለበት ቤት፦ ሽንት ቤቱን ቆርሰው ከመኝታው ጎን ያውጡ፤ ማድ ቤቱ ውጭ ይቅር። ለደሴ ቤት በአብዛኛው የሚሻለው ድብልቅ ይህ ይመስለናል። መኝታ ቤቱ ጓዳ ካለው ደግሞ ከመኝታው ሳይሆን ከጓዳው ይቆረስ።

የሚከራይ ክፍል ያለው ግቢ፦ ማስቀጠል፤ ሆኖም ለተከራይ የሚሆነው በር ከግቢው እንጂ ከቤትዎ ውስጥ እንዳይሆን ቱቦውን ሲዘረጉ ጀምሮ ያስቡበት። በአንድ ቱቦ ሁለት ሽንት ቤት ሲገናኝ ማንሆሉ መገናኛው ላይ ይሁን።

ድግስ የሚበዛበት ቤት፦ ግቢውን አይንኩ። ሰርቪሱ ይታደስ፣ ሽንት ቤቱ ለእንግዳም እንዲሆን ወደ መተላለፊያው የሚከፈት ይሁን።

ኮምቦልቻ ያለ ቤት፦ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 አካባቢ ስለሚወርድ ጨዋታው ይለወጣል። እዚያ ብርዱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚያስወጣው፤ ምጣድ ቤት ውስጥ ማስገባት ሳሎኑን ማብሰል ነው። ማድ ቤቱ ከውጭ፣ አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ይሻላል፤ መኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ ካየ ሽንት ቤቱንና ቁም ሣጥኑን በዚያ ጎን መደርደር የከሰዓቱን ፀሐይ ይከላከላል። ሜዳማ ቦታ ላይ የቱቦው ተዳፋት በመሬቱ አይገኝም፣ በቁፋሮ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ታንኩን አቅርቡት። ወንዝ ዳር ባለ ዝቅተኛ ሰፈር ጉድጓዱ 1.50 ሜትር ሳይደርስ ውሃ ከወጣበት፣ ድንጋይ ብቻ የተደረደረበት ጉድጓድ አይሠራም፤ ውሃ የማያሳልፍ የአርማታ ታንክ ነው የሚያስፈልገው።

በዳገቱ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የውሃ ታንከር አይቀርም፤ ከግቢው ላይኛው ጫፍ ከተቀመጠ ብዙ ብረት ያለው ማማ አያስፈልገውም። ታንከሩ ሥሩ ከሻወሩ ራስ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ማለቱን በዚያው በቱቦ የውሃ ልክ ያረጋግጡ። ባለ 1,000 ሊትር ሲሞላ አንድ ቶን ስለሆነ ግን ከተቆረጠው ዳገት አፋፍ ላይ አይጫን፤ ወደ ውስጥ ገባ ይበል።

ጣሪያ የሚነካ ሥራ ሁሉ ከጥቅምት እስከ ጥር ይጠናቀቅ፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ሲሚንቶው ከተለሰነ በኋላ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ጭቃው ግን እስኪደርቅ ቀለም አይቀባ።

የሥራው ተራ ይህ ነው፦ ታንክ፣ ቦይ፣ ቱቦ፣ ፍተሻ፣ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ገመድ፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ በር። ፍተሻው የማይዘለለው ነው፦ ቱቦው አፈር ሳይለብስ የታችኛው ጫፍ ይደፈን፣ ውሃ ይሞላ፣ 30 ደቂቃ ይቆይ። ውሃው ከወረደ መገጣጠሚያው ያፈሳል። አሮጌው ሽንት ቤት የሚፈርሰው አዲሱ ሁለት ሳምንት ካገለገለና ማንሆሉ ተከፍቶ ንጹሕ ሲወርድ ከታየ በኋላ ነው።